በራስ ፍርድ መታመንና የምርምር ምርታማነት፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከአፋር የዳጉ ሥርዓት አንጻር ሲታይ

መግቢያ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሰመራ የሚደርሰው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚህ መስመር ግራና ቀኝ የሚካሄድ ጥናት፣ ስለ ግጦሽ ይሁን ስለ ውኃ፣ ስለ ከተሞች መስፋፋት ይሁን ስለ ቋንቋ፣ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሞቃቱ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። መረጃ ሰጪው አርብቶ አደር ከመንጋው ጋር ስለሚንቀሳቀስ ትናንት የተገኘበት ቦታ ዛሬ ላይገኝ ይችላል። ቃለ መጠይቁ በአፋርኛ ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይተረጎማል፤ በመጨረሻም የመመረቂያው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል። አንድ ሐሳብ ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ ወረቀት ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሦስት ቋንቋ ይሻገራል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ድካም ላለበት የድኅረ ምረቃ ተማሪ እንደ ቻት ጂፒቲ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ትልቅ እፎይታ ሆነው መቅረባቸው አያስገርምም። የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት በደቂቃ ይረቀቃል፤ ቃለ መጠይቅ ይጠቃለላል፤ የእንግሊዝኛው ሰዋስው ይታረማል። ጥያቄው መሣሪያው ይረዳል ወይስ አይረዳም የሚለው አይደለም፤ እንደሚረዳ በጥናት ተረጋግጧል። መመርመር ያለበት ጥያቄ፣ ተመራማሪው የራሱን ፍርድ ለመሣሪያው አሳልፎ ሲሰጥ የሚገኘው ፍጥነት እውነተኛ ምርታማነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለት በኩል ይመለከታል። በአንድ በኩል በቅርብ ዓመታት በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን ያነጻጽራል። በሌላ በኩል በአዋሽ ሸለቆ የሚኖረው የአፋር ሕዝብ መረጃን ለማጣራት ለረጅም ዘመን ሲጠቀምባቸው የኖሩትን የዳጉንና የኤዶን ሥርዓቶች ይመረምራል። የሚደርስበት ድምዳሜ በራስ መታመን ማለት ከሌላ የሚመጣን መረጃ አለመቀበል ሳይሆን መረጃን የመፈተን አቅምን ይዞ መቆየት ነው የሚል ነው። ይህ አቅም ያለው ተመራማሪ ከመሣሪያው ይጠቀማል፤ አቅሙን ያጣው ግን ፍጥነቱን አግኝቶ ሥራውን ያጣል።

ጥናቶች ስለ ምርታማነት ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ2023 የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎችና ባልደረቦቻቸው በአንድ ዓለም አቀፍ የማማከር ድርጅት ውስጥ 758 ባለሙያዎችን ያሳተፈ ሙከራ አካሂደው ነበር። መሣሪያው በደንብ በሚችላቸው ተግባሮች ላይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የተጠቀሙት ባለሙያዎች ካልተጠቀሙት 12.2 በመቶ የበለጠ ተግባር አጠናቀቁ፤ 25.1 በመቶ ያህልም ፈጠኑ፤ የሥራቸውም ጥራት ከፍ ብሎ ተገኘ። ነገር ግን ሆን ተብሎ ከመሣሪያው አቅም ውጭ የተዘጋጀ አንድ ተግባር ሲሰጣቸው፣ መሣሪያውን የተጠቀሙት ትክክለኛውን መልስ የማግኘት ዕድላቸው ካልተጠቀሙት በ19 ነጥብ ዝቅ አለ። ይህን ውጤት አሳሳቢ የሚያደርገው ሁለቱን ዓይነት ተግባር የሚለየው ድንበር ከውጭ ሲታይ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ሁለቱም እኩል ቀላል ወይም እኩል ከባድ ሊመስሉ ይችላሉ።

በቱርክ አገር ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተካሄደ የሒሳብ ትምህርት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። መሣሪያውን ያለ ገደብ የተጠቀሙት ተማሪዎች በልምምድ ጊዜ ውጤታቸው በ48 በመቶ ተሻሽሎ ነበር። መሣሪያው ተወስዶባቸው ሲፈተኑ ግን መሣሪያውን ፈጽሞ ካላገኙት ተማሪዎች በ17 በመቶ ያነሰ ውጤት አመጡ። መልሱን ከመንገር ይልቅ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ የተዘጋጀውን ዓይነት የተጠቀሙት ግን ይህ ጉዳት በአብዛኛው አልደረሰባቸውም። ስለዚህ የጉዳቱ ምንጭ መሣሪያው ራሱ ሳይሆን ተማሪው ሊያልፍበት የሚገባውን የማሰብ ድካም መሣሪያው መተካቱ ነበር።

ሦስተኛው ጥናት የሰው ግምት ራሱ እንደሚሳሳት ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ በሆነ ሙከራ 16 ልምድ ያላቸው የሶፍትዌር ባለሙያዎች 246 ተግባሮችን ሲያከናውኑ ሰዓታቸው ተመዘገበ። ከሥራው በፊት መሣሪያው በ24 በመቶ እንደሚያፈጥናቸው ገምተው ነበር፤ ከጨረሱ በኋላም 20 በመቶ ያህል እንዳፈጠናቸው አመኑ። የሰዓቱ መዝገብ ግን በ19 በመቶ እንደዘገዩ አሳየ። የጊዜው ከፊል ያለቀው የመሣሪያውን ውጤት በማንበብ፣ በማረምና እንደገና በመጠየቅ ነበር። ድካም መቀነሱን ጊዜ ከመቀነሱ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ቀላል ስሕተት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ከርእሰ ጉዳዩ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን በዚያው ዓመት የማይክሮሶፍትና የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ያቀረቡት ጥናት ነው። 319 የዕውቀት ሥራ ሠራተኞች ከራሳቸው ሥራ የሰጧቸው 936 ምሳሌዎች ሲተነተኑ፣ በመሣሪያው ላይ ከፍ ያለ እምነት የነበራቸው ሰዎች የሚያደርጉት የሒስ ማሰብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በራሳቸው ችሎታ ላይ ከፍ ያለ እምነት የነበራቸው ግን ይበልጥ ይመረምሩ ነበር። በራስ መታመን፣ በዚህ ጥናት መሠረት፣ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መጠየቅንና ማጣራትን ከሚያበዙ ነገሮች ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

እነዚህ ጥናቶች የተካሄዱት በአማካሪዎች፣ በተማሪዎችና በሶፍትዌር ባለሙያዎች ላይ ስለሆነ፣ አሐዛቸውን እንዳለ ወስዶ በሰመራ ወይም በአዋሽ በሚሠራ የመስክ ጥናት ላይ መለጠፍ አይገባም። የሚወሰደው የጋራ ፍሬ ነገራቸው ነው፦ ውጤቱን መፈተን የሚችል ሰው ይጠቀማል፤ መፈተን የማይችል ሰው መጎዳቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

የቋንቋ ሞዴል ከእውነት ጋር ያለው ግንኙነት

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። የቋንቋ ሞዴል እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተሰጥቶት፣ ከአንድ የቃላት ሰንሰለት ቀጥሎ የትኛው የቃል ቁራጭ ሊመጣ እንደሚችል መገመትን ይለማመዳል። የሚማረው ቃላት በጽሑፍ ውስጥ እንዴት እንደሚከታተሉ ነው። ብዙ ጊዜ እውነት የሆነው ነገር በብዛትም ስለሚጻፍ መልሱ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ጥቂት በተጻፈበት ጉዳይ ላይ ግን ሞዴሉ ክፍተቱን በሚመስል ነገር ይሞላዋል፤ ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ያልታተመ ጥናት፣ የሌለ ፍርድ ሊጠቅስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ መሣሪያው የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ማመልከቻ ባቀረቡ ጠበቆች ላይ የ5,000 ዶላር ቅጣት መጣሉ የታወቀ ነው። ጠበቆቹን ያሳታቸው የጽሑፉ አቀራረብ ከእውነተኛው የማይለይ መሆኑ ነበር። ሞዴሉ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ይጽፋል።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ላይ ይበረታል። በኮምፒዩተር ውስጥ በተለመደው አመዘጋገብ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ለአማርኛ ተብለው ያልተዘጋጁ ሞዴሎች የአማርኛን ቃል ወደ ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጮች ስለሚሰባብሩት ሥራው ይወደዳል፤ ትርጉሙም ሊላላ ይችላል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋርኛ ይህ የፊደል ችግር ባይኖርበትም በጽሑፍ የተከማቸው ሀብት አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ጉግል 110 ቋንቋዎችን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ሲጨምር አፋርኛ አንዱ ነበር፤ ድርጅቱ እንደገለጸው በዚያ ዙር ከተጨመሩት ቋንቋዎች ሁሉ የበጎ ፈቃደኛ ተናጋሪዎች አስተዋጽኦ የበዛለት አፋርኛ ነው። መሣሪያው ያወቀው ሰዎች ተቀምጠው ያስተማሩትን ያህል ነው ማለት ነው። ባልተጻፈው ክፍል፣ ማለትም በአብዛኛው የአርብቶ አደር ሕይወት ላይ፣ ከተናጋሪው የሚበልጥ ምንጭ የለም።

አንድ ቀላል ምሳሌ ይህን ያሳያል። በደጋው የሚነገረው የወቅት አከፋፈል ክረምትና በልግ፣ በጋና ጸደይ ነው። የአፋር አርብቶ አደር ግን ዝናቡን ካርማ፣ ሱጉም፣ ዳዳ እያለ ይለያል፤ ካርማ የሐምሌና የነሐሴው ዋና ዝናብ፣ ሱጉም በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ የሚመጣው፣ ዳዳ ደግሞ በታኅሣሥ አካባቢ የሚጥለው አጭር ዝናብ ነው። መንጋው የሚንቀሳቀሰው በዚህ አከፋፈል ነው። ሦስቱን ስሞች «ክረምትና በልግ» ብሎ የሚያጠቃልል ንጹሕ የእንግሊዝኛ ረቂቅ ሰዋስዋዊ ስሕተት አይኖርበትም፤ ነገር ግን የጥናቱን ዋና ተለዋዋጭ ደብዛ ያጠፋል። ስሕተቱን የሚያየው በመስኩ የተገኘው ተመራማሪ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚያየው በራሱ ማስታወሻ ከታመነ ነው።

ዳጉና ኤዶ፦ መረጃን የማመን ሥርዓት

በአፋር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚለዋወጡት ሰላምታ ብቻ አይደለም። ዳጉ የተባለው ሥርዓት ያየውንና የሰማውን እንዲናገር እያንዳንዱን ያስገድዳል። ዝናብ የት ጣለ? የከብት በሽታ የት ታየ? የትኛው መንደር ተነሣ? ማን ሞተ? ማንስ ተጋባ? የሚሉ ጥያቄዎች በዝርዝር ይነሣሉ። ዜናው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሰፊውን ቆላ በአጭር ጊዜ ያዳርሳል።

ዳጉ ከተራ ወሬ የሚለየው ግን በፍጥነቱ ሳይሆን በሚያስከትለው ኃላፊነት ነው። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው እንዲለይ ይጠበቅበታል። የሰማው ከሆነ ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። አድማጩም በተራው ዜናውን የሚያስተላልፍ ስለሆነ ሳይጠይቅ አይቀበልም። ሐሰት ያወራ ሰው ተአማኒነቱን ያጣል፤ ባወራው ጉዳት ከደረሰ በባህላዊው ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። መንጋውን ወደተባለው ግጦሽ ነድቶ ደረቅ መሬት ያገኘ ሰው የሚያጣው ከብቶቹን ነውና፣ የመረጃ ትክክለኛነት በዚያ ቆላ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ከዳጉ ጎን ኤዶ የሚባል ሌላ ሥርዓት አለ። ማኅበረሰቡ መንጋውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ልምድ ያላቸውን ሰዎች መርጦ የግጦሹን ምድር እንዲቃኙ ይልካል። እነርሱም የዘነበበትን ቦታ፣ የሣሩን ሁኔታ፣ የውኃውን መጠን፣ የበሽታና የጸጥታ ስጋት መኖር አለመኖሩን አይተው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ይመከራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የኤዶ ቃኚ የሚላከው ዜና ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። ዜናው በዳጉ አስቀድሞ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው ከባድ ሲሆን ግን የመጣ ዜና ብቻውን አይበቃም፤ የራስ ዓይን ይላካል። በአማርኛም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህንኑ ሐሳብ ይይዛል።

እነዚህን ሁለት ሥርዓቶች ከቋንቋ ሞዴል ጋር ማነጻጸር ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል። በዳጉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቃል ባለቤት አለው፤ ሞዴሉ ከብዙ ምንጭ የተቀላቀለ ቃል ያቀርባል። ምንጭ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስም ራሱ ሌላ ግምት ሊሆን ይችላል። የዳጉ ተናጋሪ ቢሳሳት ስሙን ያጣል፤ ሞዴሉ ቢሳሳት የሚጠየቀው ጽሑፉን በስሙ ያቀረበው ተመራማሪ ነው። የዳጉ ተናጋሪ ያየውንና የሰማውን ይለያል፤ ሞዴሉ ምንም አይቶ አያውቅም። አንዳንድ መሣሪያዎች ድረ ገጽ ፈልገው ምንጭ ቢያሳዩም፣ ያሳዩት ምንጭ በእርግጥ የተባለውን ማለቱን አንብቦ የሚያረጋግጠው ሰው ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው የሚገኝ ማናቸውም ነገር፣ በዳጉ ሚዛን፣ ከ«ሰማሁ» በታች ይመደባል፤ ከማን እንደተሰማ የማይታወቅ ነውና።

ከአዋሽ ሸለቆ የተገኙ ሁለት ማስረጃዎች

በሌላ ቦታ ልክ የሆነ ዕውቀት ሳይፈተን ሲገባ ምን እንደሚያስከትል አዋሽ ሸለቆ ራሱ ያውቃል። ፕሮሶፒስ የተባለው የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎችና ሰፈሮች አካባቢ ተተከለ። ድርቅንና ጨዋማ አፈርን የሚቋቋም፣ ጥላ የሚሰጥ፣ ነፋስ የሚገታ ዛፍ ስለሆነ ምክሩ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። ከብቶች ጣፋጩን ፍሬ በልተው ዘሩን በየደረሱበት ጣሉ፤ ጎርፍም አሰራጨው። ዛፉ የግጦሽ ሣርን አፈናቅሎ፣ እሾሃማ ጫካ ሆኖ፣ የመንጋ መተላለፊያዎችንና የውኃ ዳርቻዎችን ዘጋ። በአካባቢው «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚል ስም ማግኘቱ ከየት እንደመጣ ሕዝቡ የሚያስታውስ መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የጎደለው መረጃ አልነበረም፤ የጎደለው አጠቃላዩን ዕውቀት በዚህ አፈር፣ በዚህ መንጋና በዚህ የውኃ ፍሰት ላይ መፈተን ነበር። የቋንቋ ሞዴልም በባሕርዩ የሚያቀርበው አጠቃላዩን ነው። ስለ ደረቅ ምድር ዛፍ አተካከል ሲጠየቅ ብዙ ስፍራ የተጻፈውን ይደግማል፤ በአሚባራ የሆነውን የሚያውቀው ተጽፎ ከደረሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የጊዜ ጉዳይ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ተንቀጠቀጠ። በታኅሣሥና በጥር ሁኔታው በርትቶ በአዋሽ ፈንታሌና በአጎራባች ወረዳዎች የሚኖሩ በርካታ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ሥልጠናው ከዚያ በፊት የተጠናቀቀ ሞዴል ስለዚህ ክስተት ምንም ሊያውቅ አይችልም፤ ስለ ስምጥ ሸለቆ አጠቃላይ ነገር ግን አሳምሮ ሊጽፍ ይችላል። በዚያ ሰሞን ለነዋሪው የሚጠቅመው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያዎች የመዘገቡት፣ ባለሙያዎች በቦታው ያዩትና ነዋሪው ራሱ ስለ መሬቱ መሰንጠቅ የተናገረው ነበር። አዲስ ነገር የሚጀምረው ከመስክ ነው፤ ምርምር የሚባለውም ገና ያልተጻፈውን መጻፍ ነው።

የማይጣደፍ ሥራ

ምርታማነት በገጽ ብዛት ወይም በሰዓት ቁጠባ ብቻ ቢለካ ኖሮ ከአዋሽ ሸለቆ የወጡት ታላላቅ የሳይንስ ሥራዎች ሰነፎች ተብለው በተፈረጁ ነበር። ሰላም የተባለችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ቅሪተ አካል በዲኪካ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ጥናቱ ለዓለም የቀረበው ግን በ2006 ነበር። በመካከል ያሉትን ዓመታት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አጥንቶቹን ከያዛቸው የአሸዋ ድንጋይ በጥቃቅን መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲያላቅቅ ቆየ። የአርዲ ቅሪተ አካልም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቁርጥራጮች ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በአራሚስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ዝርዝር ጥናቱ በ11 ጽሑፎች የታተመው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው።

በነዚያ ዓመታት አጥኚዎቹ ከድንጋዩ ጋር አብረው ያወጡት አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም የገዛ ፍርዳቸው ነው። የትኛው አጥንት፣ የትኛው አፈር እንደሆነ የሚለይ ዓይን የሚገኘው በመደጋገም ነው። ኮምፒዩተርና ስካነር በሥራው ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ነገር ግን ዓይኑን አልተኩትም። በዚሁ መንገድ ቃለ መጠይቅን ደጋግሞ የሚሰማና በእጁ የሚገለብጥ ተማሪ ጊዜ እያባከነ ሊመስል ይችላል። ተናጋሪው የት ላይ እንዳመነታ፣ የትኛውን ቃል እንደደገመ፣ የትኛውን ጥያቄ እንዳለፈ የሚያስተውለው ግን በዚያ ጊዜ ነው። መጠቃለያው ብቻ የደረሰው ሰው ይህን አያገኝም፤ መጠቃለያው የተሳሳተ መሆኑንም ለመለየት አይችልም።

በራስ መታመን የማይሆነው

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይገባል። የመጀመሪያው የፍትሕ ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስን የሆነበት፣ አማካሪውን አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገኝ ተማሪ ለምን ከሌላው ዓለም ተማሪ ያነሰ መሣሪያ ይያዝ? ተቃውሞው ልክ ነው። የሰዋስው እርማት፣ የሠንጠረዥ አደረጃጀት፣ የኮምፒዩተር ትእዛዝ አጻጻፍ፣ የማያውቁትን ጽንሰ ሐሳብ በቀላል ቋንቋ ማስረዳት መሣሪያው የሚያግዝባቸው መስኮች ናቸው። በዚህ ላይ መከልከል ለጥናቱ ጥራት የሚጨምረው ነገር የለም። ነገር ግን ያው ፍትሕ ሌላም ነገር ይጠይቃል። ስለ አፋር በዓለም ላይ የተጻፈው ጥቂት ስለሆነ፣ በሰመራ ወይም በአዋሽ የሚጻፍ አንድ የተሳሳተ ጽሑፍ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ከተጻፈበት ስፍራ ይልቅ ይከፋል። የዛሬው ስሕተት ነገ ለሞዴሎች ማሠልጠኛ ሆኖ ይመለሳል፤ ተመልሶም ማስረጃ መስሎ ይጠቀሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በራስ መታመን ራሱ ሊያሳስት ይችላል የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ከላይ የተጠቀሱት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ስለ ፍጥነታቸው የነበራቸው እምነት ሰዓት እስኪመዘገብ ድረስ ሙሉ ነበር። ዳጉም ቢሆን ስሕተት የማይገባበት ሥርዓት አይደለም፤ የዝናብን መጠን በሚሊ ሜትር ወይም የሕዝብን ብዛት በቁጥር ሊተካ አይችልም። ስለዚህ የሚበረታታው ያልተፈተነ ልበ ሙሉነት አይደለም። ዳጉ የሚያስተምረው በራስ መታመን፣ «እኔ አውቃለሁ» የሚለውን ሳይሆን፣ «ይህን አይቻለሁ፤ ይህን ከእገሌ ሰምቻለሁ፤ ይህን ግን አላየሁም» ብሎ ለይቶ መናገርን ነው። እንዲህ መለየት የሚችል ሰው የሌላውንም ቃል ይመዝናል።

ወደ ተግባር የሚወስዱ ሐሳቦች

ከላይ ከቀረበው በመነሣት በድኅረ ምረቃ ምርምር ውስጥ ሊሠራባቸው የሚችሉ ጥቂት ልማዶችን ማመልከት ይቻላል።

አንደኛ፣ መሣሪያውን ከመጠየቅ በፊት የራስን ሐሳብ መጻፍ ነው። ግማሽ ገጽ እንኳ ቢሆን፣ የጥናቱ ጥያቄ ምንድን ነው፣ ተመራማሪው ምን ይጠብቃል፣ ለምን? የሚለው በራስ ቃል ሲጻፍ፣ በኋላ የሚመጣው የመሣሪያው መልስ የሚነጻጸርበት መነሻ ያገኛል። መነሻ የሌለው አንባቢ የመጀመሪያውን ጥሩ ዐረፍተ ነገር ተከትሎ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ የመስክ ማስታወሻን በሦስት ዓምድ መክፈል ነው፦ የታየ፣ የተሰማና ከመሣሪያ የተገኘ። በተሰማው ፊት ከማን፣ የትና መቼ እንደተሰማ ይመዘገባል። በሦስተኛው ዓምድ ያለ ነገር ወደ ጽሑፉ የሚገባው በማስረጃ ወደ አንደኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ሲዛወር፣ ወይም ተመራማሪው ራሱ ከፍቶ ባነበበው የታተመ ምንጭ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ በትርጉም ላይ የአፋርኛውን ቃል ይዞ መቆየት ነው። ካርማ፣ ሱጉም፣ ኤዶና የመሳሰሉት ቃላት ከነማብራሪያቸው በጽሑፉ ውስጥ ይቀመጡ፤ ትርጉማቸውም ለተናጋሪው ተመልሶ ይነበብለት። በተጨማሪም መረጃ ሰጪው የተናገረውን ያለ ፈቃዱ ወደ ውጭ አገልግሎት መጫን የምርምር ሥነ ምግባርን የሚነካ ስለሆነ፣ የፈቃድ ቅጹ ይህን በግልጽ ሊያነሣ ይገባል።

አራተኛ፣ ጊዜን በግምት ሳይሆን በመዝገብ መለካት ነው። ለመጠየቅ፣ ለማንበብ፣ ለማረምና ለማረጋገጥ የዋለው ሰዓት ሁሉ ሲደመር መሣሪያው በየትኛው ተግባር እንደሚያተርፍና በየትኛው እንደሚያከስር እያንዳንዱ ተመራማሪ ለራሱ ሊያውቅ ይችላል።

አምስተኛ፣ አማካሪዎች የጽሑፍ ረቂቅን ብቻ ከመገምገም ይልቅ ተማሪው ያለ ወረቀት እንዲያስረዳ ዕድል ቢሰጡ ነው። አንድን ዘዴ ለምን እንደመረጠ፣ አንድ መረጃ ሰጪ ከሌላው ለምን እንደተለየ በቃሉ የሚያስረዳ ተማሪ ሥራውን ይዞታል። የሚንተባተብ ከሆነም ክፍተቱ የሚገኘው ገና ሊታረም በሚችልበት ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርታማነትን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። በጥናቶቹ ውስጥ መሣሪያው ያተረፈው ተጠቃሚው ውጤቱን ሊፈትን በሚችልበት ሥራ ነው፤ ያከሰረው ደግሞ ማሰብን ራሱን በተካበት ቦታ ነው። የዳጉና የኤዶ ሥርዓቶች ከዚህ ጋር የሚስማማ አካሄድ ከኮምፒዩተር እጅግ ቀድመው አዳብረዋል፦ ዜና ይሰማል፤ ምንጩ ይጠየቃል፤ ከባድ ውሳኔ ሲመጣ ግን የሚታመን ዓይን ይላካል። የፕሮሶፒስ ታሪክ ይህ ዓይን ሳይላክ ሲቀር የሚከፈለውን ዋጋ ያሳያል፤ የሰላምና የአርዲ ጥናት ደግሞ ዓይኑ በምን ያህል ትዕግሥት እንደሚገነባ ያሳያል።

ስለዚህ በአዋሽ ሸለቆ ለሚሠራ ተመራማሪ ከሁሉ የሚቀድመው ጥበቃ የሚደረግለት ሀብት የመፈተን አቅሙ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የመሣሪያ አጠቃቀም መመሪያ ሲያዘጋጁ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ከመዘርዘር አልፈው፣ ተማሪው የትኛውን ሥራ በራሱ እጅ መሥራት እንዳለበት ቢወስኑ ይበልጥ ይጠቅማል። ቃለ መጠይቅን ማዳመጥ፣ የመጀመሪያውን መላምት መጻፍ፣ ምንጭን ከፍቶ ማንበብና ድምዳሜን ማርቀቅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሊገቡ ይገባል። የቀረውን መሣሪያው ቢያግዝ ጉዳት የለውም፤ በስሙ ለሚቀርበው ቃል ሁሉ መልስ የሚሰጥ ሰው እስካለ ድረስ።